ስሙ የተሸፈነው ሚዛን ጠጋኝ

መስከረም 28 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? አባባስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ዛሬም ደረጃ ላይ ያስቸግራቸዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልሱን ያዘገየሁት ሰንፌ ሳይሆን እምቢ የሚለውን ቃል ላንቺ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ሳሰላስል ነው። እንግዲህ ልጻፈው፦ እምቢ። ሰነዱን በድብቅ አልልክልሽም።

ወረቀቱን ጨምድደሽ እንዳትጥዪው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። ገበያችሁን ወደ ከተማው ዳር ለማዛወር እዚህ ባሕር ማዶ የምሠራበት ባንክ ለሚሰጠው ብድር የተዘጋጀ ዕቅድ በእርግጥ አለ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም "እንዲህ ያለ ወረቀት የለም" ብሎሽ ከሆነ ዋሽቶሻል። እኔ የምሠራው ሰነዶች ለሕዝብ ከመውጣታቸው በፊት በሚያልፉበት ክፍል ስለሆነ ይህም በእጄ አልፏል፤ አንብቤዋለሁ። ውስጡ ያለውን ግን አትጠይቂኝ። ዛሬ ለእህቴ ካሾለክሁ፣ ነገ ለአንዱ ተቋራጭ የሚያሾልክ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ አፌን ሞልቼ የምናገረው አይኖረኝም።

ደግሞም መስረቅ ምን ያደርግልሻል? ሰነዱ ያንቺ ነው። በባንኩ ደንብ ማንም ሰው፣ የትም ይኑር፣ አንድን ሰነድ ስጡኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለምን እንደፈለገው እንኳ መናገር የለበትም። አንቺ ከስፌት መኪናሽ ተነስተሽ የገበያተኛው ተወካይ ከሆንሽ ወዲህ ስንት ማመልከቻ ጽፈሻል! ይችን ሦስት መስመር መጻፍ አያቅትሽም። ጥያቄሽ በደረሰ ቀን አለቃዬ ዘንድ ገብቼ "ጠያቂዋ እህቴ ናት" እላለሁ፤ ጉዳዩም ከእጄ ይወጣል።

ስለዚህ ነገር በስልክ አላወራሽም። ደብዳቤ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ "ለእህቱ ምን ሹክ አላት?" ቢል፣ የጻፍኩልሽን ሁሉ ዘርግተሽ አሳዪው። አይቀየሙኝ ብሏል ብለሽ አባባን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19 ቀን

ለማሙሽ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኛ ደህና ነን። ሰላምታዬ ያጠረው ተናድጄብህ ነው። "እምቢ" የአንተ የመጀመሪያ ቃል እንደነበረች እናታችን ነፍሷን ይማረውና ሁልጊዜ ትናገር ነበር፤ ይኸው ሸምግለህም አልተውካትም።

ያም ሆኖ እንዳልከኝ አደረግሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ፣ እኔ እየተናገርኩ ሰውዬው እየጻፈ፣ ጥያቄውን በኮምፒዩተር ላክነው። ምክንያት አያስፈልግም ብለኸኛል፤ እኔ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ምክንያት አስጻፍኩት። ሰው በር አንኳኩቶ ዝም ብሎ አይቆምም።

በመሃል በላክሃት አጭር ወረቀት አዲሱን ቦታ አይተሽዋል ወይ ብለኸኛል። አየሁት። የቆርቆሮ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ጣሪያ የላቸውም። ቧንቧ የሚባል ነገር የለም። ከአውቶቡስ ወርደህ በጭቃ ትሄዳለህ። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው፦ ሹሙ ለአዲሶቹ ክፍሎች ዕጣ የሚገባው ሱቅ ያለው ብቻ ነው ይላል። መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡት ሴቶች፣ ከሰል ሻጯም፣ ሽንኩርት ሻጯም፣ የቀሩትም፣ ከሰው አልተቆጠሩም። "ባንኩ ለእነሱም ቦታ እንዲሰጥ አላዘዘም ወይ?" ስለው "አዟል የሚል ወረቀት ካለሽ አምጪ" ብሎ ሳቀብን። ዕጣው የሚወጣው ሚያዝያ መጨረሻ ነው። እንግዲህ የእነዚህ ሴቶች እንጀራ ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው፤ አንተ ደግሞ አንብበኸው ቁጭ ብለሃል።

አባባ ደህና ናቸው፤ ዝምታ ግን አብዝተዋል። ዝውውሩን በመቃወም ያዘጋጀነው ማመልከቻ ላይ ይፈርሙ ብላቸው ዓይኔ ደክሟል አሉኝ። ያንን የሚዛን መርፌ በዓይናቸው እያስተካከሉ የሚውሉ ሰውዬ ናቸው ዓይኔ ደክሟል የሚሉኝ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

እስክትመልስልኝ ተናድጄ እቆያለሁ።

እህትህ


ኅዳር 24 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ቁጣሽ ሙሉ በሙሉ ደርሶኛል። "ሰነዱ ያንቺ ነው ብለኸኝ አልነበር ወይ?" ላልሽው፣ ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ባንኩ ጥያቄሽን እምቢ ያለበትን ደብዳቤ የፈረመው ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው የጠረጴዛ ጎረቤቴ ነው። እንዳልኩሽ ለአለቃዬ ተናግሬ ስለነበር ፋይሉ ያን ዕለት ወደ እሱ ተዛወረ። እኔ አሁን ከጓዳ የወጡ የድሮ ሰነዶችን አቧራ እያራገፍኩ ነው፤ ሳነጥስ እውላለሁ።

ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ሰነድ ከመውጣቱ በፊት ተበዳሪው መንግሥት ይጠየቃል። የአገራችን ሰዎች "ይቆይ" አሉ፤ እሱም ይቆይ አለሽ። ሥራው ነው። ይግባኝ የሚሰሙት ግን ሌሎች ናቸው፤ ለእነሱ ደግሞ "ይቆይ" የምትል ቃል ብቻዋን ውሃ አትቋጥርም። ሰነዱ ቢወጣ ምን እንደሚጎዳ፣ ማንን እንደሚጎዳ ዘርዝራችሁ አስረዱን ብለው ቀን ይቆርጣሉ። በተቆረጠው ቀን መልስ ካልመጣ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ያለፍርሃት ይግባኝ በይ። እኔ ይህን ቤት አውቀዋለሁ፤ ይወጣል። በዚህኛው ጊዜ ግን አንድ ገጽ ይበቃል። ስለ ሹሙ ጢም የጻፍሽውን ጎረቤቴ በትርጉም ሲያነብ እንባው እስኪፈስ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የባንኩ ሰዎች ገበያተኛውን ሊያማክሩ የመጡ ቀን ስለተደረገው ስብሰባ አባባን ጠይቂያቸው። ለምን እንዳልኩሽ አልነግርሽም። ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ


ጥር 11 ቀን

ለማሙሽ፣

እንደምን አለህ? ብርዱስ በረታ? ይግባኙ ተልኳል፤ አንድ ገጽ ነው፤ ጢሙን አውጥቼዋለሁ።

አባባን ጠየቅኋቸው። የያዙትን መፍቻ አስቀምጠው ትንሽ አዩኝና "ሲወጣ ታነቢዋለሽ" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እናንተ ሁለታችሁ በኔ ላይ መክራችኋል ልበል? እኔ የዚያን ቀን የሙሽራ ልብስ ላስረክብ ከከተማ ወጥቼ ነበር። ከገበያተኛው ደግሞ ተገኝቼ ነበር የሚል ብዙ ሰው አላገኘሁም። የነበሩትም ምን እንደተባለ አናስታውስም ይላሉ።

የሚወራው ግን አንድ ሰው ተነስቶ "ገበያው ይዛወር" ብሏል ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ደሜ ፈላ። ባለፈው ሳምንት ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ እንዲያ ያለ ሰው በመካከላችን ካለ ፊቱን ለማሳየት ይፈር አልኩ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። አባባም እዚያው ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸው አላጨበጨቡም። አጨብጭቡ ማለቴ አይደለም፤ ዝም ብዬ ነው የምነግርህ።

"ፈርተሽ ይሆን?" ብለህ ጽፈሃል። የምፈራው ምን አለ? ወረቀቱ ይውጣ እንጂ እኔ ለሹሙ በቂ ነኝ።

እህትህ


የካቲት 20 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ወጣ! ዛሬ ጠዋት ድረ ገጹ ላይ ወጣ፤ በእኛም ቋንቋ ተተርጉሞ አብሮ ወጥቷል። ይግባኝ ሰሚዎቹ የሰጡት ቀን አለፈ፣ ከመንግሥት ወገን አንድ መስመር እንኳ አልመጣም፣ ዝምታውም ፈቃድ ሆነ። አንቺ ከስፌት መኪናሽ ኋላ ሆነሽ ያስከፈትሽው ነው። ጎረቤቴ እጁን ዘርግቶ "ለእህትህ እንኳን ደስ አለሽ በልልኝ" ብሎኛል። ልቤ ቅቤ ጠጥቷል።

አሁን በደንብ ስሚኝ። ገጽ አርባ ሁለትን ለሰው ከማንበብሽ በፊት ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ብቻሽን አንብቢው። በስብሰባው የተናገሩ ሰዎች ቃል እዚያ ላይ አለ። ስም ግን አታገኚም፤ የግለሰብ ስም ሁሉ በጥቁር መስመር ተሸፍኗል፤ ደንባችን ነው። ስለዚህ ማንም የሚያውቀው ነገር የለምና አትጨነቂ። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ስታውቂ፣ የመጀመሪያውን መስመር አንብበሽ አታቁሚ፤ እስከ ታች ውረጂ።

ቀድሜ ልነግርሽ ያልቻልኩት ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 3 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላም ነህ? እኛ ሰላም አይደለንም።

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። ብቻሽን አንብቢው ያልከኝን ገጽ፣ ገበያ መሃል ጠረጴዛ ላይ ቆሜ በገዛ አፌ ካነበብኩት በኋላ ደረሰኝ። ባንኩ ሰነዱ መውጣቱን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ ወዲያው በኮምፒዩተር አሳውቆት ኖሯል፤ ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። ሥራ ቆመ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ገጽ አርባ ሁለት ላይ ስደርስ ጥቁር መስመር አለ፤ ከጎኑ "ሚዛን ጠጋኝ" ይላል፤ ቀጥሎ "ገበያው መዛወር አለበት አሉ" ይላል።

በዚህ ገበያ ስንት ሚዛን ጠጋኝ አለ? አንድ። ስሙን ሸፍነናል ትለኛለህ። ስማቸውን ማን ያውቀዋል? ከልጅነታችን ጀምሮ ሰው ሁሉ ሚዛን ጠጋኙ ነው የሚላቸው። እኔ የሚዛን ጠጋኙ ልጅ ነኝ፤ አንተም እዚያ እስክትሄድ ድረስ ሌላ ስም አልነበረህም። ስማቸውን ጽፋችሁ ሥራቸውን ብትሸፍኑት ኖሮ ማንም ባላወቃቸው ነበር።

ከሥር ያለውን ማንበብ አቃተኝ። ከሰል ሻጯ "እሳቸው ናቸው" አለች፤ ከዚያ ሰው ተበተነ። በማግስቱ ሥጋ ቤቱ ሊጠገን የሰጠውን ሚዛን እንዳለ መልሶ ወሰደ። አባባ ሱቃቸውን እየከፈቱ እጃቸውን አጣምረው ይውላሉ። ጥር ላይ ፊታቸው ቆሜ የተናገርኩት ከራሴ አልወጣም ብሏል።

ቤት ገብቼ ቀሪውን አነበብኩት። ይዛወር ያሉት በሦስት ነገር ነው፦ ጣሪያና ውሃ ከተሟላ፣ መሬት ላይ ለሚሸጡት ሴቶች ደግሞ ከሁሉ በፊት ቦታ ከተሰጠ። ሹሙም በዚያው ስብሰባ እሺ ብሏል፤ ተጽፏል። እኔ የምጮህለትን ነገር እሳቸው ከኔ በፊት ጠይቀውታል። ይህን ለማን ልንገር? አባቷ ስለሆኑ ነው ይሉኛል።

ስለዚህ አውርዱት። ሥራቸውንም ሸፍናችሁ መልሱት። አዎ፣ አውጡ ብዬ ያደከምኳችሁ እኔ ነኝ፤ ደብቁ የምለውም እኔው ነኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው የምጽፍልህ።

እህትህ


መጋቢት 13 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ለጎረቤቴ ተርጉሜ ነገርኩት። እኛ እዚህ የምናውቀው ሰው ማለት ስም ነው። ስም ከተሸፈነ ሰውየው የተሸፈነ ይመስለናል። ሥራ ስም የሚሆንበት ቦታ መኖሩን ማንኛችንም አላሰብንም፤ እዚያው ገበያ ያደግሁት እኔ እንኳ ገጹን አይቼ እፎይ ብዬ ነበር። በጣም አዝኛለሁ። አባባን ልደውልላቸው ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ለጠየቅሽኝ ግን የማውቀውን ልንገርሽ፤ ይህ ለማንም የሚነገር ደንብ ስለሆነ ምስጢር አይደለም። የሚወስኑት አንቺም እኔም አይደለንም፤ የቃሉ ባለቤት አባባ ናቸው። ሸፍኑኝ ካሉ ሰነዱ በሙሉ ወርዶ እንደገና ይመረመራል፤ ብዙ ሳምንት ይፈጃል። ያኔ ዕጣው ሲወጣ የሹሙ "እሺ" የትም አይገኝም። እንዳለ ይቆይ ካሉም ይቆያል። ሦስተኛም ምርጫ አለ፤ ሰው እምብዛም አይጠይቀውም፦ ስሜን ክፈቱት ማለት ይችላሉ። ለዚያ አንዷ ገጽ ብቻ ትቀየራለች፤ ወዲያው ይሆናል።

ሦስቱንም ሳታዳዪ ንገሪያቸው። አንቺ የምትፈልጊውን አትጨምሪበት። ይህን ማለቴ ስለማውቅሽ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 24 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ዘይት እየቀባሁት ነው።

እህትህ ሦስቱንም ነግራኛለች፤ አላዳላችም፣ አልቅሳለች ብቻ። እናንተ አትወቃቀሱ። ይዛወር ያልኩት አስቤበት ነው። ገበያው በየክረምቱ ጎርፍ ይገባዋል፤ ሽንኩርት ሻጯ ንብረቷን ውሃ ሲወስድባት ቆማ ስታይ አይቻለሁ። ዝም ያልኩት ሹሙ እሺ ያለውን እስኪፈጽም ብዬ ነው። ሳይፈጽም ቀረ፤ እኔም አፌን ለመክፈት ሰው ፈራሁ።

ማክሰኞ ዕለት ገጹን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ሹሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ጣቱን ጥቁሩ መስመር ላይ አኖረው። "ይህ ሰውዬ ማነው?" አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። "እኔ እዚህ ላይ ስም አላይም። ስም ለሌለው ሰው ደግሞ ቃል አልገባሁም" አለኝ። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። የማውቀው ሰው ነው፤ እንደሚፈራኝ ከድምፁ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ክፈቱት። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፉት። ሥራዬንም እንዳትነኩት፤ ስሜ ብቻውን ቢጻፍ ደግሞ እዚህ ማን መሆኔን የሚያውቅ የለም። ፊርማዬ ከሥር አለ። ለዚያ አብሮህ ለሚሠራው ሰውም አልተቀየምኩህም ብሎሃል በለው።

አባትህ


ግንቦት 2 ቀን

ለማሙሽዬ፣

እንዴት ነህልኝ? "ስማቸው የተከፈተበትን ገጽ ለሰው ያነበበው ማነው?" ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አይደለሁም። አባባ ራሳቸው ናቸው፤ ወንበር አምጡልኝ አሉና መነጽራቸውን አድርገው፣ ከራሳቸው ሙሉ ስም ጀምረው እስከ ሹሙ "እሺ" ድረስ አነበቡት። ማንም አላቋረጣቸውም። ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና "የማዘጋጃ ቤት መንገድ በዚህ ነው" ብለው ተነሱ። ስንት ሰው እንደተከተላቸው አልነግርህም፤ አጋነንሽ ትለኛለህ።

ሹሙ በዚህኛው ጊዜ ጣቱን የሚያሳርፍበት አጣ። ዕጣው ተራዝሟል፤ መሬት ላይ የሚሸጡት ሴቶች በሙሉ ተመዝግበዋል። ለቧንቧው ቁፋሮ ጀምረዋል። ጣሪያው ገና ነው፤ አልተኛሁለትም። እኔም አባባን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። "እኔ እኮ በልቤ አጨብጭቤልሽ ነበር" ብለው አሳቁኝ። ሥጋ ቤቱም ሚዛኑን ራሱ ተሸክሞ መልሶ አመጣ፤ አባባ ተቀብለው መፍቻቸውን አነሱ።

አሁን የምጽፍልህ ግን ለሌላ ነው። ከአባባ መስመር በታች ሌሎች ጥቁር መስመሮች ነበሩ አይደል? "አንዲት ሻጭ ሐሳቡን ደገፉ፣ ሌላዋም ደገፉ" የሚሉት። የዚያን ዕለት ከአባባ ጎን ተነስተው የተናገሩ ሰዎች እስከ ዛሬ እዚሁ መካከላችን ነበሩ፤ እንደ አባባ ዝም ብለው። አባባ ስማቸውን ባስከፈቱ በሦስተኛው ቀን ከሰል ሻጯ ስፌት ቤቴ መጥታ ሳትቀመጥ "ከእሳቸው በታች ያለችው መስመር እኔ ነኝ" አለችኝ። ያቺው ገበያ መሃል "እሳቸው ናቸው" ያለችው። ቀጥሎ ሽንኩርት ሻጯ መጣች፤ ሌሎቹም መጡ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ እኛንም ክፈቱን። ማመልከቻዎቻቸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሉ፤ ለጎረቤትህ ስጥልኝ።

የጻፉት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ እኔም አብሬያቸው ተሰልፌ ነበር። ሰውዬው እጁን ኮምፒዩተሩ ላይ አድርጎ "ሙሉ ስም" አላት ከሰል ሻጯን። ከነአባቷ ከነአያቷ ነገረችው፤ ከኋላዋ ያለነው ሁሉ ቀና ብለን አየናት። ይህን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ስንሸጥ ስንገዛ ኖረን፣ ስሟን የሰማነው ያኔ ነው።

እህትህ